ጥፋቱ የሹፌሩ አልነበረም

ባለፈው ስለ ስንዴ ዋግ ጽፌላችሁ፣ ቀጥሎ ስለ አረም እጽፋለሁ ብዬ ነበር። አረሙ ትንሽ ይቆየን። ዛሬ የራሴን ስህተት ነው የምነግራችሁ። ነገሩ የትራክተር ነው። ትራክተር ለሚከራይም፣ ለሚነዳም፣ እንደ እኔ ወረቀት ላይ ለሚፈርምም ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

አርሲ ውስጥ ትራክተር ብርቅ አይደለም። «ካዱ» ተብሎ የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ በ1960 ዓ.ም. አካባቢ አሰላ ላይ ከተጀመረ ወዲህ ስንዴና ትራክተር አብረው ነው የሚነሱት። በዕድሜ የገፉት ግን ሌላም ያስታውሳሉ። ያኔ ትራክተሩ ሲገባ ከመሬቱ የተነሳ ጭሰኛ ብዙ ነው። ስለዚህ አዲስ ማሽን በመጣ ቁጥር አዛውንቶቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት «በቀን ስንት ያርሳል?» ብለው ሳይሆን «ማንን ይጎዳል?» ብለው ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ይሄን ጥያቄ እኔ እንደ ኋላ ቀርነት ነበር የምቆጥረው።

ባለፈው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ኩታ ገጠም ስንዴ ለመዝራት አንድ አከራይ ትራክተር ላከልን። ከኋላው 3 ሜትር ስፋት ያለው የመስመር መዝሪያ ተቀጥሏል፤ በአንድ ጊዜ 15 መስመር ይዘራል። ጣሪያው ላይ እንደ ትንሽ ሰፌድ ያለ ነጭ አንቴና አለ፤ መሪው ላይ ሞተር ተገጥሟል፤ ሹፌሩ ፊት ለፊት ደግሞ ስክሪን። ሹፌሩ ማሳው ጫፍና ጫፍ ላይ ሁለት ነጥብ ይሰጠዋል፣ ከዚያ መሪውን ይለቃል፤ ትራክተሩ በሳተላይት እየተመራ ራሱን ይነዳል። ማሳው ዳር በሦስት እግር ላይ ሌላ መቀበያ ተተክሎ ማስተካከያ ይልክለታል። «ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ አይስትም» ተባልን። ሰዉ ከአጥር ላይ ሆኖ አየ፣ ልጆች ከኋላ ሮጡ፣ እኔም ፎቶ አንስቼ እዚሁ ገጽ ላይ ለጠፍኩ። ታስታውሱ ይሆናል።

ቡቃያው ብቅ ሲል ግን ማሳው ከሩቅ ጭረት ያለው ጋቢ መሰለ። ወርደን አየነው። በተለመደው በመስመርና በመስመር መሃል 20 ሳንቲ ሜትር፣ አንድ ስንዝር ነው። እዚህ ግን ትራክተሩ ሄዶ ሲመለስ፣ በሁለቱ ምልልስ መካከል ባንዱ በኩል ሁለት ስንዝር ባዶ መሬት ቀርቷል። በሌላው በኩል ደግሞ ሁለት መስመር አንድ ላይ ወድቆ ቡቃያው እንደ ገመድ ወፍሯል። ባዶ፣ ወፍራም፣ ባዶ፣ ወፍራም፤ ማሳው እስኪያልቅ ድረስ። አንድ አባት በዱላቸው ለክተው ወደኔ ዞሩና፣ «ልጄ፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር ማለት ይሄ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሒሳቡን ልስራላችሁ። በየ6 ሜትሩ 21 ሳንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ባዶ ማለት ከአንድ ሄክታር 350 ካሬ ሜትር ነው። በሄክታር 40 ኩንታል ለሚጠብቅ ሰው 1 ኩንታል ከ40 ኪሎ ገደማ የሚያህል ቦታ ማለት ነው። ልክ ነው፣ ዳር ያለው ስንዴ ቦታ ሲያገኝ ግንዶ ያወጣና ጥቂቱን ይክሳል። ነገር ግን ባዶው ላይ ቀድሞ የሚደርሰው ስንዴው ሳይሆን አረሙ ነው። በወፍራሙ በኩል ደግሞ ዘሩም ማዳበሪያው እጥፍ ወርዷል። የማዳበሪያን ዋጋ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

የአከራዩ ሰው መጣ፤ ስክሪኑ ላይ የተመዘገበውን መስመር አሳየን። እንደ ክር የተዘረጋ ነው፤ እንከን የለውም። «ማሽኑ ቀጥ ብሎ ሄዷል። ስለዚህ ሹፌሩ አልፎ አልፎ ሞተሩን አጥፍቶ በእጁ ነድቷል» አለ። አንዱ እንቅልፍ ወስዶት ነው አለ፣ ሌላው ማታ ጠጥቶ ነበር አለ። ሹፌሩ የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ነው። አጠገቤ መጥቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፣ ይሄ ዕቃ ከሌላ ትራክተር ተነቅሎ የተገጠመው ወደዚህ ከመምጣታችን በፊት ነው። ግቢ ውስጥ ሲሚንቶው ላይ ቆሜ እንኳ ስክሪኑ 2 ዲግሪ ወደ ግራ ዘንበል ብለሃል ይለኛል።»

«ሲሚንቶው ዘንበል ብሎ ይሆናላ» አልኩት።

በቃ፣ ይሄው ነው። ይቺን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ከዚያ ለወረዳ የሚሄደው ሪፖርት ላይ «በሹፌሩ የጥንቃቄ ጉድለት» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። አከራዩ ወረቀቱን ይዞ የልጁን የወቅት ክፍያ አብዛኛውን ቆረጠበት፤ ከሥራም አሰናበተው።

ከወራት በኋላ ሜካናይዜሽን ላይ ሥልጠና ገባሁ። አሠልጣኙ ቴክኒሻን እንዲሁ ዓይነት ዕቃ የተገጠመለት ትራክተር ግቢ ውስጥ አቆመና ከጎማዎቹ ሥር በኖራ ምልክት አደረገ፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን የማዘንበል ቁጥር ጻፈ። ቀጥሎ ትራክተሩን አዙሮ፣ ጎማዎቹን እዚያው ምልክት ላይ በተቃራኒው አቅጣጫ አሳረፋቸውና እንደገና ቁጥሩን ጻፈ። እዚያ ቆሜ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። አባቴ ግንበኛ ነበር። አዲስ ውሃ ልክ ሲገዛ መጀመሪያ የሚያደርገው ይሄንኑ ነው፤ ግድግዳ ላይ ያስቀምጠዋል፣ አረፋውን ያያል፣ ከዚያ ጫፉን አዙሮ እዚያው ላይ ያስቀምጠዋል። ግድግዳው ጠማማ ከሆነ አረፋው ወደዚያው ወደ ከፍተኛው የግድግዳ ጫፍ እንደሄደ ይቀራል። ውሃ ልኩ ራሱ ጠማማ ከሆነ ግን አረፋው ከውሃ ልኩ ጋር አብሮ ይዞራል። ሲሚንቶው ይሁን ሳጥኑ ለማወቅ የሚያስፈልገው ትራክተሩን አንዴ ማዞር ብቻ ነበር። አምስት ደቂቃ!

አሁን ሳጥኑ ለምን እንዳስፈለገ ላስረዳችሁ፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን «ጂፒኤስ አለው» ከተባለ ሌላ ነገር የሚያስፈልግ አይመስለንም። ጂፒኤስም ሆነ ጋሊሊዮ ወይም ቤይዱ የሚነግሩን የአንዲት ነጥብ ቦታ ነው፤ የአንቴናዋን። አንቴናዋ ደግሞ ያለችው ጣሪያ ላይ ነው፤ ከመሬት 3 ሜትር ያህል። ዘሩ የሚወድቀው ግን ታች ነው። ትራክተሩ ተዳፋት ላይ በ5 ዲግሪ ወደ ጎን ሲያዘነብል፣ አንቴናዋ በጎማዎቹ መሃል ካለው ቦታ 26 ሳንቲ ሜትር ወደ ቁልቁለቱ ትወጣለች። 10 ዲግሪ ሲሆን 52 ሳንቲ ሜትር ነው። ሳተላይቱ አልዋሸም፤ የአንቴናዋን ቦታ በ2 ሳንቲ ሜትር ልክ ተናግሯል። ግን እኛ የጠየቅነው ስለ ማረሻው ነበር። እኛ ደጋ ላይ ያለን ሰዎች ደግሞ ሜዳ እርሻ ያለው ስንቱ ነው?

ሁለተኛው ችግር አፍንጫው ነው። የቆመ ትራክተር ለሳተላይት ነጥብ ነው፤ ወደ ሰሜን ይይ ወደ ደቡብ አይታወቅም። ሲንቀሳቀስ የትናንሽ ነጥቦች ተከታታይ ይሆንና የሚሄድበት አቅጣጫ ይታወቃል። ግን የሚሄድበትና የሚያይበት ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ወደ ኋላ ሲሄድ ተቃራኒ ነው። ተዳፋት ላይ አግድም ሲሄድ ደግሞ ጎማው ወደ ታች ስለሚንሸራተት፣ ቀጥ ያለ መስመር ለመያዝ አፍንጫውን ትንሽ ወደ ዳገቱ አድርጎ እንደ ሸርጣን ነው የሚሄደው። አንዳንዱ ዕቃ ለዚህ ሁለት አንቴና ይጠቀማል። አንቴናዎቹ 1 ሜትር ተራርቀው ይቀመጡና በመካከላቸው ያለው ልዩነት ይለካል። እዚህ ላይ መራራቁ ዋጋ አለው፤ በ1 ሜትር ርቀት የ1 ሳንቲ ሜትር ስህተት ግማሽ ዲግሪ ከምናምን ያመጣል፣ በ2 ሜትር ግን በግማሽ ይቀንሳል። ኮምፓስስ አትሉኝም? ይሄን ሁሉ ብረት አጠገብ ኮምፓስ ምን ሊያደርግ!

እንግዲህ ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ዓይነት ዳሳሽ አለ። አንደኛው ጋይሮስኮፕ ነው፤ ምን ያህል ፍጥነት እየዞርክ፣ እያዘነበልክ እንደሆነ ይናገራል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በማሳ ድንበር ላይ ብትሄዱ መጀመሪያ አሥር እርምጃ ቀጥ ትላላችሁ፤ ሠላሳ ሲሆን ጎረቤት ማሳ ውስጥ ናችሁ። ጋይሮስኮፕም እንዲሁ ነው። በሴኮንድ አንድ መቶኛ ዲግሪ ብቻ ቢስት በአንድ ሰዓት 36 ዲግሪ ይሆናል። ለአጭር ጊዜ እንጂ ለረጅም አይታመንም።

ሁለተኛው አክስለሮሜትር ነው። እሱ የግንበኛ ቱምቢ ነው በሉት። መሬት ወዴት እንደምትስብ ስለሚያውቅ የትኛው ወገን ታች እንደሆነ ይናገራል፤ ውሎ ቢያድርም አይሳሳትም። ግን ቱምቢን በሚንገጫገጭ ጋሪ ላይ አንጠልጥላችሁ ታውቃላችሁ? ትራክተሩ ፍሬን ሲይዝ፣ ሲታጠፍ፣ ጓል ላይ ሲወጣ ይወዛወዛል። ለረጅም ጊዜ እንጂ ለቅጽበት አይታመንም። ሌላም ጉድለት አለው፤ ቱምቢ ታችን ያሳያል እንጂ ሰሜንን አያሳይም። ስለዚህ አፍንጫው ወዴት እንዳየ እሱን ብትጠይቁት አያውቅም።

ብልሃቱ ሦስቱን ማገናኘት ነው። ጋይሮው በሴኮንድ መቶ ጊዜ እየለካ እያንዳንዱን መንገጫገጭ ይከተላል። ቱምቢው ቀስ እያለ ወደ ትክክለኛው ታች ይመልሰዋል። ሳተላይቱ ደግሞ ትራክተሩ በእውነት ምን ያህል እንደፈጠነና እንደታጠፈ ስለሚያውቅ፣ ቱምቢው የተወዛወዘው በመታጠፉ ነው ወይስ በተዳፋቱ የሚለውን ይለያል፤ የአፍንጫውንም አቅጣጫ ያርማል። የትኛውን በየትኛው ቅጽበት ምን ያህል እንመን የሚለውን የሚያሰላው መንገድ የካልማን ማጣሪያ ይባላል። ሃንጋሪ የተወለደው አሜሪካዊ ሩዶልፍ ካልማን ነው እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣው፤ ወደ ጨረቃ የሄዱት የአፖሎ መንኮራኩሮችም ተጠቅመውበታል። ጋይሮውና ቱምቢው ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ ባለው ስማርት ስልክ ውስጥም አሉ። ስልኩን ስታጋድሙት ምስሉ የሚዞረው በእነሱ ነው።

በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው ይሄን ሁሉ ሳይማር ያደርገዋል። ዓይኑ ማዶ ያለው ዛፍ ላይ ነው፤ እግሩ የመሬቱን ማዘንበል ያውቃል፤ እጁ እርፉ ላይ ሆኖ ማረሻውን ያስተካክላል። ዓይኑና እግሩ ሲጣሉ ማንን እንደሚያምን ከልምዱ ያውቃል። እኔ ግን ስክሪኑንና ልጁን ሲጣሉ ሳይ ስክሪኑን አመንኩ።

ሳጥኑ ታዲያ ይሄን ሁሉ ካወቀ ለምን ሳተ? ሳጥኑ የሚያውቀው የራሱን አቀማመጥ ነው። ጣሪያው ላይ ሲገጠም 2 ዲግሪ ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ከታሰረ፣ ትራክተሩ ሁሌ ወደ ግራ ያዘነበለ ይመስለዋል። ሳተላይቱም አይረዳውም፤ የዘነበለው ሳጥኑ ይሁን ትራክተሩ እሱም መለየት አይችልም። በዚያ የተነሳ አንቴናዋ በ10 ሳንቲ ሜትር ተኩል ወደ ግራ የወጣች መስሎት ያካክሳል፤ ትራክተሩ በእውነት ከመስመሩ 10 ሳንቲ ሜትር ተኩል ወደ ግራ ይሄዳል። ሲሄድ ወደ ግራ፣ ሲመለስም ወደ ግራ። የመሄጃው ግራ ደግሞ የመመለሻው ቀኝ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ምልልሶች ባንድ ወገን በ21 ሳንቲ ሜትር ይራራቃሉ፣ በሌላው ወገን በዚያው ልክ ይደራረባሉ። ባዶ፣ ወፍራም፣ ባዶ፣ ወፍራም። ስክሪኑ ላይ ግን ሁሉም እንደ ክር ነው፤ ስክሪኑ የሚስለው ሳጥኑ ያመነውን ነዋ።

ማሳው ራሱ ይነግረኝ ነበር። እንቅልፍ የወሰደው ሹፌር እንዲህ አይስትም። እሱ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ፣ አንዴ ብዙ፣ አንዴ ጥቂት ነው የሚስተው። ከጥግ እስከ ጥግ እኩል፣ እየተፈራረቀ የሚመጣ ስህተት የሰው ሳይሆን የመሣሪያ ነው። እኔ ደግሞ ዱላ ይዘው ከለኩት አባት አጠገብ ቆሜ ነበር።

ቴክኒሻኑን ቁጥሩን እንዴት እንደሚያሰላ ጠየቅኩት። አንድ ወገን ላይ ሲቆም 5 ዲግሪ ወደ ግራ ቢል፣ ዞሮ ሲቆም 1 ዲግሪ ወደ ቀኝ ቢል፣ የመሬቱ ማዘንበል 3 ነው፤ የሳጥኑ ስህተት 2 ነው። ስትዞር የመሬቱ ይገለበጣል፣ የሳጥኑ አይገለበጥም። ካሊብሬሽን የሚባለው ይሄንን ለዕቃው መንገር ነው፤ ሳጥኑ ከተነቀለ፣ ከላላ ወይም ከሌላ ትራክተር ከመጣ እንደገና መደረግ አለበት።

ስመለስ ለወረዳው ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍኩ። የመጀመሪያውን ሪፖርት መሳሳቴን፣ ስህተቱ የመሣሪያው አገጣጠም መሆኑን፣ ሹፌሩ አስቀድሞ እንደነገረኝም አሰፈርኩ። ግልባጩን ለአከራዩ ላክሁ። እስካሁን መልስ አልመጣም። ለአርሶ አደሮቹም በስብሰባ ላይ ተነስቼ ተናገርኩ። ዱላ የያዙት አባት አንገታቸውን ነቅንቀው፣ «ማሽኑ የጎዳው ልጁን ነው በላ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ልጁን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ባሌ ውስጥ ትራክተር ይነዳል። ስደውል ድምፄን አላወቀውም። ነገሩን በሙሉ ነገርኩት፤ ይቅርታም ጠየቅኩት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ከኋላው ሞተር ይሰማኛል። ከዚያ፣ «ጋሼ፣ ደብዳቤውን ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። እናቴ ታንብበው» አለ። ላክሁለት። ለካ ሠፈር ድረስ ጠጪ ነው ተብሎ ተወርቶበት ኖሯል። የተቆረጠበት ገንዘብ እስካሁን አልተመለሰለትም፤ በዚህ አልዋሻችሁም።

እግረ መንገዴን የችካሉን ነገር አስተማርኩት። ለእናንተም ይሁን፤ ቴክኒሻን በሌለበት ዘር ከመጀመሩ በፊት ማንም ሊያደርገው ይችላል። ሜዳ ቦታ ላይ ትራክተሩ ራሱን እየነዳ በአንድ መስመር ይሂድ፤ በመሃል ቆሞ ከኋላው መጎተቻ ፒን በቀጥታ ሥር ችካል ይተከል። ዞሮ በዚያው በአንድ መስመር ላይ ይመለስና ፒኑ ችካሉ አጠገብ ሲደርስ ይቁም። ፒኑና ችካሉ ከተገናኙ ጥሩ። ከተራራቁ ርቀቱ የስህተቱ እጥፍ ነው፤ በማሳው ላይ የሚቀረው ባዶም ያንኑ ያህል ይሆናል። አንቴናዋ ከጣሪያው መሃል ወጥታ ከሆነም ልዩነቱ እንዲሁ ስለሚታይ፣ መጀመሪያ እሷን በሜትር ለኩ። እና እባካችሁ ኪራይ የምትከፍሉ ሰዎች፣ ዘሩ ሳይጫን በፊት ይሄን አሳየን በሉ።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ አንድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ፤ እሱ ነው።

«ጋሼ፣ ችካሉን ተክዬ ነው። አራት ጣት ይርቃል።»

«አንቴናዋን ለካሃት?»

«ለክቻለሁ፣ መሃል ናት። ዘሩ ተጭኗል፣ ሰዉ ቆሞ ይጠብቃል፣ አለቃዬም ጀምር ይለኛል። ምን ላድርግ?»

«ስልኩን ለአለቃህ ስጠው» አልኩት።